ጓሯችን ውስጥ የሟሟው ቅጠል

ዛሬ ጓሯችንን ቆፍረን ጭቃ አወጣን። የፈለግነው ድንጋይ ነበር።

በደርግ ጊዜ ሹፌሩ አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፈረንጅ ተመራማሪዎችን አፋር አድርሶ ሲመለስ የጥንት ቅጠል ታትሞ የቀረበት ስስ ድንጋይ ይዞልን መጣ።

የቤት ለቤት ፍተሻው ሲጠና እናቴ "የፈረንጅ ዕቃ" ብላ ፈርታ ከአባቴ የተከለከሉ መጻሕፍት ጋር ጓሮ ቀበረችው። በላስቲክ የጠቀለለችው ግን መጻሕፍቱን ብቻ ነው፤ ድንጋይ ምን ይሆናል ብላ!

የእህቴ ልጅ የምታጠናው እንዲህ ያለ ቅጠል ነው። የጥንት ሰዎች የኖሩበት ቦታ ጫካ ይሁን ሜዳ የሚታወቀው ከቅጠሉ ነው አለችን። ጭቃውን በጣቶቿ አሸት አድርጋ "እማማ፣ ይሄ ድንጋይ እኮ ውሃ አይችልም፤ ጭቃ ይሆናል" አለች።

መጻሕፍቱ ደህና ናቸው፤ የሚያነባቸው ጠፋ እንጂ።

እናቴ "ላስቲኩ ለሁለቱም ይበቃ ነበር" አለች።

ሚሊዮን ዓመታት የቻለ ቅጠል የሐዋሳን ክረምት አልቻለም። እናንተ ቤትስ ያኔ ምን ተቀበረ? ስታወጡት ምን ሆኖ ጠበቃችሁ?