በእርጥብ ሣር ፊት የቆመው አጥቂ

ጀርመናዊው ዲተር በ1986 ዓ.ም. የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ወደ አርባ ምንጭ ሲመጣ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በአገሩ ዘጠኝ ዓመት ኳስ ተጫውቶ ደመወዝ የበላ አጥቂ እንደነበረ ለሠራተኛው ሁሉ ይናገር ነበር። እኔ አላመንኩትም። ኳስ ያጠገበው ሰው ጉድጓድ ወደሚቆፈርበት ካምባ ድረስ ሄዶ ጭቃ ውስጥ ምን ይፈልጋል? ፎቶግራፉን ባሳየኝ ጊዜ፣ «ማልያ ማንም ይለብሳል» አልኩት።

ሱሪውን ሰብስቦ በጉልበቱ ላይ ያለውን ረጅም ጠባሳ አሳየኝ። «ይህንንስ ማን ይለብሳል?»

በ1988 ዓ.ም.፣ በጥር ወር በአንድ እሑድ፣ ሠራተኞቻችን ከኩልፎ የሙዝ አትክልተኞች ጋር ሊጋጠሙ ሲሉ አጥቂያችን በወባ ወደቀ። ዲተር ጫማውን አሰረ።

«ቀስ አድርጋችሁ አስገቧቸው፣ አባባ እንዳይሰበሩ!» ሲል አንድ የኩልፎ ሰው አላገጠ።

ብዙም ሳይቆይ ከሩቅ የተላከለትን ኳስ በደረቱ አበረደና መሬት ሳይነካ በግራ እግሩ መታው። የኩልፎው በረኛ ብዙነህ ካለበት አልተነቃነቀም። እኔም ሳላውቀው ባርኔጣዬን አውልቄ ነበር። ሰውዬው እውነቱን ነበር።

ኩልፎዎች አቻ አደረጉ። በመጨረሻው ደቂቃ ከማዕዘን የተመታው ኳስ በግርግር መካከል ገባ፤ ያገባው ዲተር ነበር። ዳኛው መምህር ወልደ ሚካኤል ጎሉን አጸደቁ።

«በእጁ ነው! እናቴ ትሙት፣ በእጁ ነው!» እያለ ብዙነህ ጮኸ።

«ሂድ፣ ሙዝህን ላጥ!» አሉት የእኛዎቹ። ከሁለቱም ወገን ድንጋይ ተነሣ።

በዚህ ጊዜ አቶ ጋሻዬ የተባሉ የአገር ሽማግሌ ከሜዳው ዳር እርጥብ ሣር ነጭተው በመካከል ተንበረከኩ። በጋሞ ምድር ሣር የያዘን ሽማግሌ አልፎ የሚራመድ የለም። ድንጋዩ ከየእጁ ወደቀ።

«ልጄ፣ ዳኛው አላየም። አንተ ግን ታውቃለህ» አሉት ዲተርን።

ዲተር ሣሩን ተመለከተ። «እጄ ነው» አለ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው ቀጠለ። «በአገሬም እንዲሁ አድርጌአለሁ። በረኛው ጮኸ፤ ማንም አላመነውም። የበረኛው ቡድን ወደ ታችኛው ምድብ ወረደ፤ እኔን ግን ትልቅ ቡድን ገዛኝ። በአራተኛው ወር ጉልበቴ ተሰበረ። ይህን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም።»

«ጎሜ ነው» አሉ ሽማግሌው። ያልተናገሩት በደል በእኛ ዘንድ ጎሜ ይባላል፤ ሰውን አንካሳ ያደርጋል፣ ከብትን ያመክናል። «ያ በረኛ በሕይወት አለ?»

«አለ። በአባቱ ቤት ዳቦ ይጋግራል።»

«እንግዲያስ ጨርሰህ አልተናገርክም።»

በሠላሳ ሺህ ተመልካች ፊት ያልወጣው ቃል በአንድ እፍኝ ሣር ፊት ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። ጎሉ ተሻረ። ብዙነህ መጥቶ ትከሻውን ሳመውና፣ «የፊተኛዋን ግን መቶ እጅ ቢኖረኝም አልይዛትም» አለው።

በማግስቱ ዲተር ለዚያ በረኛ ደብዳቤ ጽፎ ለሾፌሩ ሊሰጥ አወጣ። እኔ ሾፌር አላምንም። ተቀብዬው በእግሬ ወደ ሴቻ ፖስታ ቤት ወጣሁ፤ ሠራተኛዋ ማኅተሙን እስክትመታበት ድረስም ከመስኮቱ አልተነቃነቅሁም።