ሰዳም ያሳመረው ኮምፒዩተር

ጉርድ ሾላ፣ አስፋልቱ ዳር ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ጸሐፊዋ ዘይቱና ስትቆጣ አይቻለሁ የሚል ሰው አልነበረም። ባለጉዳይ ሲያለቅስባት፣ መብራት ሲጠፋባት፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲበላባት፣ ሁሉንም «አልሐምዱሊላህ» ብላ የምታልፍ ሴት ናት። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ነገር ተበላሸ።

ዳርቱ የምትባል ሴት ለቀበሌ ቤቷ የጣሪያ ዕድሳት ማመልከቻ ልታጽፍ አጠገቧ ተቀምጣለች። ዘይቱና እንደ ልማዷ መጻፊያውን ፕሮግራም ልትከፍት ቁልፉን ተጫነች። የተከፈተው ግን የፕሪንተር ቀለም ሻጭ ማስታወቂያ ነበር፤ ያውም ከነዘፈኑ።

«ውይ፣ ማመልከቻዬን ልትዘፍኚው ነው እንዴ?» ብላ ዳርቱ ሳቀች።

«ማነው ኮምፒዩተሬን የነካው?» ዘይቱና ጮኸች።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ገላው፣ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ከባንኮኒው ኋላ ቀና አሉ። «ሰዳም ነዋ። ትናንት አንቺ ከሄድሽ በኋላ የአዲሱን ፕሪንተር ፕሮግራም ጫነልን። አሳመረልሽ እኮ!»

«እጁን ይስበ...» ብላ ጀመረችና ምላሷን ነከሰች።

የዘይቱና ዓይን ከደከመ ሰንብቷል። ስኳር ነው። ሐኪሙ «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን እንጠብቅ» ካላት ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ጋሽ ገላው መልካም ሰው ናቸው። ግን ከእሷ በፊት የነበረውን ጸሐፊ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ መርቀው ነው የሸኙት። ዘይቱና ያን ምርቃት ፈራች።

ስለዚህ ዘዴ አበጀች። ፊደሉን ጣቶቿ ያውቁታል፤ በብረቱ የጽሕፈት መኪና ዘመን መምህሯ ቁልፎቹን በጨርቅ ሸፍኖ ነው ያስተማራት። ባለጉዳይ እየነገራት ትጽፋለች፤ ታትሞ ሲወጣ «ራስዎ ያንብቡት፣ ጉዳዩ የእርስዎ ነው» ትላለች። ሰው ይህን ጨዋነት ይለዋል። ፕሮግራም የሚከፍቱትን ትናንሽ ምስሎችም በዓይኗ ፈልጋቸው አታውቅም። ወደ ታች የሚያመለክተውን የቀስት ቁልፍ አንዴ ስትጫን መጻፊያው ነው፤ ሁለቴ ስትጫን የማመልከቻዎቹ ማኅደር፤ ከዚያ ስካነሩ። መብራት በጠፋ ቤት ውስጥ የክብሪቱን ቦታ እንደሚያውቅ ሰው ነበረች።

በቀደም የእህቷ ልጆች እንጦጦ ፓርክ አውጥተዋት «አክስቴ፣ ሰፈራችን ያውልሽ!» ሲሏት «ማሻአላህ፣ ቆርቆሮው እንዴት ያበራል!» አለች። ያየችው ጉም ብቻ ነበር። ልጅ ሳለች ከዚያው ተራራ ጭራሮ ተሸክማ ስትወርድ፣ ከሩቅ የቤታቸውን በር ከነመጋረጃው ትለይ ነበር። ይህ ትዝ ሲላት ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ግድግዳውን ስታይ አደረች።

ሰዳም ክፉ ሰው አይደለም። ከመንገዱ ማዶ ኮምፒዩተር ይጠግናል። ፕሮግራም ሲጭን ኮምፒዩተሩ «ምስሉን ፊት ላይ ላስቀምጥ? ሜኑ ውስጥም ላስገባ?» እያለ ይጠይቀዋል፤ እሱ ለሁሉም እሺ ነው። ደንበኛ ምስሉን ፊት ለፊት ካላየ «መች ጫንክልኝ?» ብሎ ይጣላዋላ! ለአንዱ ፕሪንተር የቀለም መግዣ፣ የእርዳታ መጠየቂያ፣ የምን የምን ምስል ረጨበት። ሲጨርስም እንዳይዝረከረክ ብሎ ነባሩንም አዲሱንም በስም ቅደም ተከተል ደረደረው።

ሲጠሩት እየሳቀ ገባ። «ማነው እትዬን የነካብኝ?»

«አንተ ነህ! ቤትህ ገብቼ ዕቃህን ባዘዋውረው ምን ትለኝ ነበር?»

«ኧረ አንድም አልጠፋም፣ እትዬ። ቦታ ብቻ ነው የቀየሩት። ስማቸው ከሥራቸው ተጽፏል፣ ያንብቡት።»

«ላንተ ነው የማነበው?»

«እኔ አራተኛ ክፍል ያልጨረስኩት እንኳ አየሁት» አለች ዳርቱ። «ያ ሰማያዊው አይደል?»

«እሺ፣ የቱን ልመልስልዎ? ያሳዩኝ» አለ ሰዳም።

ዘይቱና ጣቷን ስክሪኑ ላይ ተከለችው። «ይሄን! እዚህ የነበረውን!»

ጣቷ ያረፈው ምንም በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ነበር።

ሰዳም ጣቷን አየ፤ ዓይኗን አየ። ሳቁ ጠፋ። ጎንበስ ብሎ፣ የታመመ ሰው በሚጠየቅበት ድምፅ፣ «ምስሎቹን ተለቅ ላድርግልዎ?» አላት።

ያን ጊዜ ነው የባሰባት። ዘፈኑንም፣ ድርደራውንም ይቅር ልትለው ትችል ነበር፤ ያን ድምፅ ግን አልቻለችም።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ ጋሽ ገላው።

«ምንም ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት...»

«ዝም በል!» ዘይቱና ብድግ አለች። «ያንተን ጥፋት ተሸከም፤ የኔን ተሸከምልኝ ያለህ የለም! ጋሽ ገላው፣ ዓይኔ ማንበብ ካቆመ ከረመ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ተሳስተሻል ብሎ ወረቀት የመለሰ ሰው አለ?»

ጋሽ ገላው መነጽራቸውን አወለቁ።

«የኔ ማመልከቻስ?» አለች ዳርቱ ቀስ ብላ። «ቀበሌው ለምሳ ሊዘጋብኝ ነው።»

ሰዳም አዲሶቹን ምስሎች ከፊት አነሳ። «ይሄ ፊት ላይ ያለው አቋራጩ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ሜኑ ውስጥ አለ» አለ ለራሱ። ነባሮቹን ዘይቱና በቁጣ እየነገረችው በየተራቸው መለሰ። ከዚያ ቁጭ ብላ ጻፈች፤ ቁልፎቹ በረዶ የሚወርድበት ቆርቆሮ ይመስሉ ነበር። ዳርቱ ወረቀቱን ከፊደሉ ጋር እየተናነቀች አነበበችው፤ «ያልኩት አንድም አልጎደለም» ብላ ይዛው ሮጠች። ሰዳምም ተከትሏት ወጣ።

ጋሽ ገላው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እግዜር ይማርሽ፣ ዘይቱና። ከሰዓት በኋላ ረጋ ብለን እንነጋገራለን። አሁን ተናደሻል።»

«አይሆንም» አለች፤ ወንበሯን እየጎተተች ባንኮኒው ፊት አመጣችው። «ስረጋማ ልለምንዎት ነው። ያሰቡትን አሁኑኑ ይንገሩኝ።»

ተቀመጠችና ድምፃቸው ወደሚመጣበት ፊቷን አቀናች።