ያልጻፍኩት ውሃ

ምራቴን ሰፈሩ «ጠብታ» ይላታል። አጭር ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ግድግዳ ውስጥ ያለ ጠብታ ስለምትሰማ ነው እላለሁ። የካቻቢቴዋን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ ታደርግና ዓይኗን ትጨፍናለች። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ ጣቷን ግድግዳው ላይ አሳርፋ «እዚህ ጋ» ትላለች። ሲቆፈር እዚያው ጋ ነው።

ሙያውን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። በልጅነቷ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ነበር። ሠራተኞች የተሰበረ ዕቃ ይዘው ሲመጡ «ይኼ ለምን ተሰበረ?» እያለች መውጫ መግቢያ ስታሳጣቸው፣ አንዱ ሽማግሌ «ነይና በዓይንሽ እይው» ብሎ ወሰዳት። ልጄን ስታገባም የመሣሪያ ሳጥኗን ይዛ ነው የገባችው።

በበጋው መካከል አንድ ሰኞ፣ ከእኛ በታች ያለው ልብስ ሰፊ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ።

«እማማ፣ ጠብታ አለች? ኮርኒሴ ረጥቦ የሰው ሱሪ ላይ ተንጠባጠበብኝ! ዝናብ ነው እንዳልል ሰማዩ ጥርት ብሏል።»

የቤቱ ባለቤትም ሰምቶ መጣ። አንጋጦ አየና ፈረደ።

«የመታጠቢያ ቤታችሁ ወለል ነው። ቅዳሜ ሰው አምጥቼ አስቆፍረዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ሳይታወቅ አይቆፈርም። እስከ ቅዳሜ ይስጡኝ» አለችው ምራቴ።

ልብስ ሰፊው ጣልቃ ገባ። «የሰው ቤት እያደረቅሽ የራስሽ ሲያፈስ ደንበኞችሽ ምን ይሉ ይሆን?»

«አንተ ሱሪህን አስጣ፤ የእነሱን ቅዳሜ እንሰማዋለን» ብላ ሳቀችበት።

እኔ ግን ለስሟ ፈራሁ። የራሷን ቤት ብልሽት ሌላ ሰው መጥቶ ካገኘው፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያምናታል?

እሷ ግን ቀልቧ አልተበተነም። መጀመሪያ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘጋግታ ወደ ቆጣሪው ወሰደችኝ።

«እማማ፣ ይቺን ትንሿን ቀይ መዘውር ይዩልኝ።»

ብዙ ቆሜ አየሁ። ንቅንቅ አላለችም።

«እንግዲያው ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ ደህና ነው» አለች። ቀጥላ የመጸዳጃ ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረገችና አንድ ሰዓት ማንም እንዳይለቀው ከለከለች። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ሰማያዊ ሳይሆን ቀረ። እዚያም የሚያፈስ የለም ማለት ነው። ከዚያ የልብስ ሰፊው ጠረጴዛ ላይ ወጥታ የእርጥበቱን ዳር በእርሳስ ከበበችና ለእኔ ደብተር ሰጠችኝ።

«ፊደሉን በስተርጅና የቆጠሩት ለዚህ ነው። ውሃ በተነካ ቁጥር ከነሰዓቱ ይጻፉልኝ።»

ጻፍኩ። «ጠዋት አንድ ሰዓት። ልጄ ፂሙን ተላጨ። ውሃውን ዝም ብሎ ለቆት ነበር።» አንድ ብርጭቆ እንኳ ሳይመዘገብ አልታጠበም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ደብተሩን ይዛ ከልብስ ሰፊው ጋር ተነጋገረች። እርጥበቱ የእርሳሱን መስመር ያለፈው ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት ነው። ደብተሩ ደግሞ በእነዚያ ሰዓታት ባዶ ነው።

«እማማ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ልብስ አጥበዋል። የመጨረሻውን እጣቢ የት ደፉት?»

«ምን ብዬ እደፋዋለሁ? ከሰዓት በረንዳ ላይ አበቦቼን አጠጣሁበት።»

«አልጻፉትማ!»

«ውሃው እኮ ጠዋት ተጽፏል። አንዱን ውሃ ሁለቴ እንዴት ልጻፈው?»

እየሳቀች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነስታ አበባ የተከልኩበትን በርሜል ከበረንዳው ጥግ ገፋችው። ከስሩ፣ ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ቦታ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር። አንድ ጆግ ውሃ አፈሰሰችበት። ጥቂት ቆይቶ ከታች «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ሰማን።

ቅዳሜ ጠዋት የቤቱ ባለቤት መዶሻና መሮ ከያዘ ሠራተኛ ጋር መጣ።

«ጋሼ፣ መታጠቢያ ቤቱ ደህና ነው። የበረንዳው ሲሚንቶ አርጅቶ ተሰንጥቋል» አለች ምራቴ። የእኔን ነገር አላነሳችም። እኔ ግን አላስቻለኝም።

«ስንጥቁ ላይ ውሃ የደፋሁት እኔ ነኝ። ያልጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

ባለቤቱ በርሜሉን አየ፣ እኔን አየና ሳቁን በመሐረቡ ሸፈነ። ሠራተኛው ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን ዳሰሰ፤ ወርዶም የእርሳሱን መስመር አይቶ ተመለሰ። መሮውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«እህቴ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሁለት ጊዜ ቆፍሬ የሚያፈሰውን ያጣሁበት ቤት አለ። መጥተሽ ታዳምጭልኝ?»

«ማክሰኞ እመጣለሁ። እስከዚያ መሮህን እንዳታወጣ» አለችው።

ልብስ ሰፊውም ከታች ሱሪውን መተኮስ ጀመረ።

ስንጥቁን ጠርጋ በሲሚንቶ ደፈነችው፣ ለበርሜሉም ከስር ሰፊ ሳህን አደረገችለት። ደብተሩ ዛሬም አልጋዬ አጠገብ ነው። የዛሬው እንዲህ ይላል፦ «ዓርብ፣ ከሰዓት ዘጠኝ። የጠዋቱ እጣቢ፣ ሁለት ጆግ፣ ለአበባ።»