ዳባት ሄዳ ቢሮ የተገኘችው ባልደረባዬ

ያኔ ደባርቅ ከገበሬ ገብስ በሚገዛ ማኅበር ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ኮምፒውተር ከገባልን ዓመት አልሞላውም ነበር። ኃላፊያችን በቅኔ ቤት ያለፉ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ነበሩ፤ ማሽኑን «እንግዳው» ይሉት ነበር።

አንድ ቀን ማምሻውን ባልደረባዬ የገበሬዎቹን ደረሰኝ በአንድ ጥቅል አድርጋ ወደ ዋናው መዝገብ ስታሳልፍ መብራት ሄደ። በማግስቱ እሷ ዳባት ለቅሶ ሄደች። እኔ ኮምፒውተሩን ስከፍት ጥቅሉ አልንቀሳቀስ አለ። አይከፈትም፣ አይሰረዝም፤ «በሌላ ሰው ተይዟል» ብቻ ይላል። መዝገቡ ላይ ካላለፈ ደግሞ ክፍያ የለም። ከጃናሞራ የመጡት ገበሬዎች በቅሎዎቻቸውን ግቢው ውስጥ አስረው ተቀምጠዋል።

«እንደ አዲስ ልመዝግበው?» አልኳቸው ኃላፊውን።

«ተዪ ልጄ። ሁለቴ የተጻፈ ሁለቴ ይከፈላል። የሚያውቅ ሰው ጠይቂ።»

ጎንደር ሶፍትዌሩን ለተከለልን ልጅ ደወልኩ። «መጀመሪያ የዳታቤዙን ቅጂ አስቀምጪ» አለኝ። «ቀጥሎ መጠየቅ ብቻ ነው፤ ምንም እንዳትነኪ።» ጥቅሉን ማን እንደያዘው ለዳታቤዙ የሚቀርበውን ጥያቄ ፊደል በፊደል ነገረኝ። ስልኩ ይቆራረጣል፤ እኔ የሰማሁትን ጮክ ብዬ ስደግም ኃላፊው የእንግሊዝኛውን ፊደል እንደ ዳዊት ገልባጭ ተጠንቅቀው ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ።

መልሱ አንዲት መስመር ሆኖ መጣ። የባልደረባዬ ስም ነበር።

«እሷ አሁንም ቢሮ ገብታ እየሠራች ነው ይላል» አልኩ።

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «እንግዲያው ሳትሰናበት ነው የሄደችው። አስወጪያት።»

መብራቱ ሲጠፋ ከፕሮግራሙ ሳትወጣ ስለቀረች ጥቅሉን የያዘችው እሷ ናት። ልጁ እንደነገረኝ ስሟን ከገቡት ሰዎች ዝርዝር ሰረዝኩ። ቀጥሎ ጥቅሉን ነጻ የሚያደርገው ትእዛዝ በስልኩ መጣ። «የጥቅሉን ቁጥር ሳትጽፊ ብትጫኚው የሁሉንም ጥቅል ይለውጠዋል» ብሎ ልጁ አስጠነቀቀኝ። ኃላፊው ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ እኔ ከስክሪኑ፣ እሳቸው ከወረቀቱ፣ ሁለት ጊዜ አነበብነው። «በይ ጫኚ» አሉኝ።

«አንድ መስመር ተለወጠ» አለ ማሽኑ። ጥቅሉ ተከፈተ። ከደረሰኞቹ ጋር አንድ በአንድ ስናመሳክረው ምንም አልጎደለም፣ ምንም አልተደገመም። እንደገና ወደ ዋናው መዝገብ ሳሳልፈው አለፈ።

ከቀትር በኋላ ክፍያ ጀመርን። አንድ ሽማግሌ ገበሬ አሻራቸውን እያሳረፉ፣ «ማሽኑ ታሞ ነበር አሉ፤ ተሻለው?» አሉኝ።

«ተሻለው አባቴ።»

«እግዜር ይማረው» ብለው ገንዘባቸውን በኩታቸው ጫፍ ቋጠሩ።

ኃላፊው በዓመቱ ጡረታ ወጡ፤ እኔም ወደ ጎንደር ተዛወርኩ። ከዚያ ወዲህ የተቀረቀረ ጥቅል ስንት ጊዜ እንዳስለቀቅሁ አላስታውስም። ብቻዬን ነው የምሠራው፤ ፈጥኖም ያልቃል። ግን ትእዛዙን ከመጫኔ በፊት ወንበሩን ስቦ አብሮኝ የሚያነብ ሰው ይናፍቀኛል።