የበቅሎዋ ዱካ

እስር ቤቱ ውስጥ የገባሁት ሱሪዬን በእጄ ይዤ ነው፤ ቀበቶዬን በፖሊስ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ አስፈትተው ወስደውብኛል። የመሐል ሜዳ ከተማ ብርድ ከሲሚንቶው ወለል ተነስቶ አጥንት ይገባል።

ከውጭ አገር በተሰነዘረ የሳይበር ጥቃት የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ተቆልፈው ነበር። ጥቃቱ በእኔ ኮምፒውተር በኩል አልፏል ተባለ። እኔ የሕግ መምህር ነኝ፤ ለዚያውም የማስተምረው አገሮች በሳይበር ሲጠቃቁ ሕጉ ምን እንደሚል ነው። መርማሪው ጥቃቱን ለሰነዘረችው አገር መሥራቴን አምኜ ብፈርም ዛሬውኑ ቤቴ እንደምገባ ነገረኝ። እምቢ ስለው፣ "እንግዲያው ክረምቱን እዚሁ ትከርማለህ" አለኝ። ፈራሁ።

ክፍሉ ውስጥ ከግሼ ወረዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። የተሰረቀች በቅሎ ዱካ ግቢያቸው ስለገባ ነው የታሰሩት። የእኔን ጉዳይ ሰምተው ጥቂት አሰቡና፣ "ያንተም በቅሎ ናት በለኛ" አሉኝ። ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

በእሳቸው አገር ዱካ የገባበት ሰው የወጣበትን ካሳየ ነጻ ነው። በጓሮ መውጣቱን ቢናገሩም ሄዶ የሚያይላቸው አጡ። እኔም በአገሮች መካከል ያለውን አጫወትኳቸው፦ ጥቃት በአንድ አገር ኮምፒውተር ስላለፈ ብቻ ያች አገር አጥቂ አትባልም፤ ማድረጓ ወይም ማዘዟ መረጋገጥ አለበት። አውቃ ዝም ካለች ግን ትጠየቃለች።

በማግስቱ ችሎት አብረን ቀረብን። የበቅሎዋ ጉዳይ ቀደመ።

"ጌታዬ" አሉ ሽማግሌው ቆመው፣ "ጠላት አቋርጦት ያለፈ አገር፣ እሱ ወጋ ይባላል? ዱካው በጓሮዬ ወጥቷል፤ ሰው ይላክና ይታይ። እኔ የዚያን ዕለት ገበያ ነበርኩ፤ አላወቅሁም።"

ዳኛው ዱካ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ብለው አሰናበቷቸው። ቀጥሎ የእኔ ስም ሲጠራ የመርማሪው ፊት ተለዋወጠ። ጥቃቱ የገባበትም የወጣበትም መንገድ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተመዝግቦ ስላለ ባለሙያ ይየው አልኩ። ዳኛው መርማሪውን ከዱካው ሌላ ምን እንዳለው ጠየቁት። ምንም አልነበረውም። ያንኑ ውሳኔ ለእኔም ሰጡኝ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ስንወጣ በረኛው ሂድ ቢለኝ አልሄድኩም። ቀበቶዬን መርማሪው ራሱ እንዲመልስልኝ ጠየቅሁ። ሽማግሌውም በትራቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ። መርማሪው አመጣው። ፈርም ባለኝ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ፣ ቀስ ብዬ ታጠቅሁ።

ዛሬም ትምህርቱን የምጀምረው ከበቅሎዋ ነው። ተማሪዎቼ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቀበቶው አርጅቷል። ያን ትምህርት ላስተምር የምገባው ግን እሱን ታጥቄ ነው።