አንድ ቃል ለማስረዳት ደባርቅ ድረስ

ከጎንደር የተነሣሁት ደባርቅ ላይ የታሰረውን አጎቴን፣ አያ ሰይድን፣ ላስፈታ ነው። ለምን እንደታሰረ የነገረን ሰው አልነበረም። አጎቴ ደባርቅ ጨው ይሸጣል፤ ሚስቱ ጎንደር ከእኛ ጋር ናት፤ ልጁ አሕመድ ካይሮ ይማራል። የባትሪ ሬዲዮ የገዛውም የልጁን አገር ወሬ ለመስማት ነው። ዐረብኛ ስለሚያውቅ ለገበያተኛው ይተረጉማል፦ የግብፁ ኮሎኔል ንጉሡን እንዳባረረ፣ የገዛ አለቃውን ቤቱ ዘግቶበት ወንበሩን እንደያዘ፣ እንግሊዝን እንዳስወጣ። ዐረቦቹ ኮሎኔሉን «ረኢስ» ይሉታል፤ መሪ ማለት ነው። አጎቴ ይህን ቃል ሳይተረጉም እንዳለ ይጠራው ነበር።

ኮሶዬ

የተሳፈርሁበት የጭነት ማኪና ውሃ ሊጨመርለት ቆመ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በአምስት ሳንቲም የገብስ ቆሎ ገዝቼ ስቆረጥም፣ አብረውኝ የተሳፈሩ ሽማግሌ ጠጋ አሉኝ።

«ሰማህ ልጄ? አንድ ራስ ተነሥቶ ንጉሡን አባረረ አሉ።»

«የትኛው ራስ፣ አያ?»

«እንጃ! ደባርቅ ያለው ጨው ሻጭ ነው በሬዲዮ የሰማው። ምነው፣ እናንተ ከተማ አልደረሰም?»

ሳቄ መጣ፤ ለካ አጎቴ የታሰረው በዚህ ነው። አጎቴ «ረኢስ» ሲል «ራስ» ብለው ሰምተውታል! ቢሆንም ልቤ ቀለል አለ፤ አንድ ቃል ባስረዳ ይፈታል ብዬ ነበር፣ ሞኙ።

ደባርቅ

የፖሊስ አዛዡ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ጌታዬ፣ ራስ አላለም። የተባረሩት የግብፅ ንጉሥ ናቸው፤ ያባረራቸውም ኮሎኔል ነው።»

«ኮሎኔል?» አሉና የራሳቸውን ትከሻ ቃኘት አደረጉ። «ራስ ሲያምፅ የኖረ ነው። ወታደር ንጉሥ አባረረ ብሎ ነው ለባላገር የሚያወራው? አንተስ ይህን ታውቅ ነበር?»

እሳት ላጠፋ ሄጄ ጭድ ጨመርሁበት። ጉዳዩ ለበላይ ይተላለፋል ተባለ።

አጎቴን በአጥር አሾልቄ አየሁት።

«አሕመድም ታስሯል» አለኝ። «ሊጠይቀኝ የመጣ፣ ከሐጅ የተመለሰ ሰው ነገረኝ። ሻይ ቤት ውስጥ ረኢሱን አምተሃል ብለው ነው የወሰዱት። እኔ እዚህ ሳወድሰው! የሚያስወጣው እንግሊዝ ሲያልቅበት ልጆቻችንን ያዘ። ለእናቱ እንዳትነግራት።»

ጎንደር

በመልሱ መንገድ ተራራም ገብስም አላየሁም። አባት ስለ ረኢሱ በማውራቱ እዚህ፣ ልጅ ረኢሱን በማማቱ እዚያ። ምርር ብሎኝ ቤት ደረስሁ።

የአጎቴ ሚስት ደጅ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ራሱን አየኸው?» አለች ጮክ ብላ።

ባሏን ማለቷ ነው። እኔ ግን ቃሉን ስሰማ ደንግጬ «ዝም በይ!» አልኋትና እጇን ስቤ ወደ ውስጥ አስገባኋት፤ በሩንም ቀረቀርሁ። ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ አፍጥጣ አየችኝ። ከደባርቅ ያመጣሁት አጎቴን ሳይሆን ይህን ፍርሃት ነው።