የሰይድ ክንድ የተሰበረ ዕለት

ዛሬ ጠዋት በምኖርባት የሶማሌዎች ከተማ፣ 26 ጁን በሚባለው ሰፈር፣ ቤቴ አጠገብ ያለው ፋርማሲ አንድ ጎረምሳ ለሚስቱ የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ሊገዛ ገባ። ሻጯ "ደም አለው? ትኩሳትስ?" ብትለው "ምን አገባሽ፣ ሽጪልኝ" አላት። እኔ ሽማግሌው ደሜ ፈላ።

በወጣትነቴ ከሁለት የወሎ ወንድማማቾች ከሰይድና ከዘይኑ ጋር እዚሁ ከተማ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር በጦርነት የፈረሱ ቤቶችን ፍርስራሽ እንጠርግ ነበር። መጸዳጃ አልነበረም፤ ከግቢው ጀርባ ያለውን ሜዳ ደግሞ ፈንጂ አለበት ተብሎ ማንም አይረግጠውም። ስለዚህ ሆዱ የተበላሸ ሁሉ ጠዋት ላሆህ ከሚሉት ስስ እንጀራና ከሻይ ጋር ማቆሚያ ክኒን ይውጣል። እንደ ቆሎ ነበር የምንቅመው። ወረቀቱን ያነበበ አልነበረም።

ሐጋ በሚሉት ደረቅ ወቅት ሙቀት ዘይኑን ደም ያስቀምጠው ጀመር፤ ገላው ይነዳል። ሰይድ ታናሹን ይወዳል፣ ፍቅሩ ግን የጉልበት ነው። ክኒን በክኒን ላይ ደራርቦ አስዋጠውና ተቅማጡ ቆመ። "አልሐምዱሊላህ" አለ። በማግስቱ የዘይኑ ሆድ ተነፍቶ፣ ሲነኩት ይጮህ ነበር።

ጅግጅጋ ያደገችው ጎረቤታችን ነርስ ሐሊማ መጥታ ዳሰሰችው።

"ወላሂ ይሄ ልጅ ይሞትባችኋል። ደምና ትኩሳት እያለው ይዘጋበታል? ክኒን እንዳትደግሙለት። ጨውና ስኳር የገባበት ውሃ እያጎነጫችሁት ጠብቁኝ፣ መኪና ላምጣ።"

እንደወጣች ሰይድ የወንድሙን መንጋጋ ፈልቅቆ ሌላ ክኒን ሊጨምር ታገለ።

"ሰይድ፣ ተው። የተናገረችውን አልሰማህም?"

"ወንድምህ ነው ወንድሜ?" ብሎ በቴስታ መታኝ። ጥርሴን ከነደሜ ተፋሁት። የዘይኑ አፍ ተከፍቷል፣ ክኒኑ የሰይድ ጣት ላይ ነው። የአካፋ እጀታ አንስቼ ክንዱን መታሁት፤ ሲሰበር ሰማሁት። በደህናው እጁ ድንጋይ አንስቶ ፈነከተኝ። ሐሊማ ስትመለስ ሦስታችንንም ፒካፕ ላይ ጫነችን። ሆስፒታል በር ላይ ዘበኛው "በሽተኛው የትኛው ነው?" አለ።

ዘይኑ ብዙ ማቅቆ ዳነ። በትኩሳት ሲቃዥ ስለነበር ያየው ነገር የለም። ሰይድ ግን "በትንሽ ነገር ተጣልተን ክንዴን ሰበረኝ" ብሎ ነገረው። እኔም ዝም አልኩ። ወንድምህ በፍቅር ሊገድልህ ነበር ተብሎ እንዴት ይነገራል? ሰይድ ከሞተ ወዲህም አልተናገርኩም፤ ሙት አይወቀስም።

ዘይኑ ዛሬ ጋአን ሊባህ ሰፈር ሱቅ አለው። ስገባ ፊቱን ያዞርብኛል። ድሮ ያንገበግበኝ ነበር። አሁን ሽበቱን አይቼ እወጣለሁ። ይጥላኝ፤ ኖሮልኝ አይደል የጠላኝ?